በር ማንኳኳት ያስተማሩን ሲስተር ለምለም

ናቲ በሥራ ሰዓት ደውሎልኝ አያውቅም። ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ከሕመምተኛ ጋር ነው የሚውለው። ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደምበል አካባቢ ባለው መሥሪያ ቤታችን ተቀምጬ ስሙ ስልኬ ላይ ሲመጣ፣ ገና ሳላነሳው ፈራሁ።

«ሲስተር አረፉ» አለኝ።

ታመው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ደም ግፊታቸው ሰሞኑን አስቸግሯቸው እንደነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ትንሽ ጋደም ልበል እንዳሉና በዚያው እንደቀሩ ነገረኝ። ከበስተጀርባው ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል። «ልሂድ፣ ተራ እየጠበቁኝ ነው» ብሎ ዘጋው።

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ዘመድሽ ናቸው?» ስትለኝ ምን ብዬ እንደምመልስላት ግራ ገባኝ። ዘመዴ አይደሉም። አስተማሪዬ ናቸው እንዳልል እሳቸው ራሳቸው ያንን ቃል አይወዱትም ነበር። በመጨረሻ «የሰፈራችን ነርስ ነበሩ» አልኳት። እውነት ነው፤ ግን ምንም አይነግርም።

ሲስተር ለምለምን ያወቅኳቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ካዛንቺስ እናቴ ቤት ተቀምጬ በነበረበት ጊዜ ነው። ወረዳችን የወጣት ማዕከል በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ስለ ሕፃናት ጤና ሠልጥነው በየሰፈራቸው ቤት ለቤት የሚሠሩ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ይፈለጋሉ ይላል። እውነቱን ለመናገር የወሰደኝ የሕፃናት ጉዳይ አልነበረም። መጨረሻ ላይ የምስክር ወረቀት አለው ተባለ፤ ቤት ከመዋል ይሻላል ብዬ ተመዘገብኩ። ናቲ ደግሞ የገባው ከአዳራሹ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ከረምቦላ ስላለ ነው። ሥልጠናው ሲጀመር እንኳን የኳሶቹ ኳኳታ በግድግዳው በኩል ይሰማ ስለነበር፣ ናቲ አንድ ጆሮው ሁልጊዜ እዚያ ነበር።

ሲስተር ያኔ ጡረታ ወጥተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት የሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፣ ሁልጊዜ ሸራ ጫማ ያደርጋሉ፣ የወንድ ሰዓታቸውን ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ መዳፋቸው በኩል አዙረው ነው የሚያስሩት። ወላጆቻቸው ከሰሜን የመጡ ስለሆኑ በሁለት ቋንቋ ነው ያደጉት። አማርኛቸው የአዲስ አበባ ልጅ አማርኛ ነው፤ ሲቆጡ ብቻ በትግርኛ ለራሳቸው ይናገሩ ነበር። የሚሉትን መስማት ስንችል መረዳት ሲያቅተን፣ ተቆጥተዋል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጅተን ጠበቅን። ሲስተር ገቡ፣ ስማችንን አንድ በአንድ ጠየቁ፣ ከዚያ ናቲን «ውጣና በሩን አንኳኳ» አሉት። ወጣና ደበደበው።

«ፖሊስ ነህ» አሉት ከውስጥ ሆነው። «እንደገና።»

ቀነስ አድርጎ መታው። «አሁን ደግሞ ቤት ሊለካ የመጣ ሰው ነህ» አሉት።

ሳቅን። ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ያኔ ሰፈራችን ይነሳል የሚለው ወሬ ተጀምሮ ነበርና ወረቀት ይዞ የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ ሊመዘግብ፣ ሊለካ፣ ሊያስነሳ የመጣ ይመስል ነበር። ሥልጠናውን የሚደግፈው ድርጅት ቲሸርትና ኮፍያ ሲያድለን ሲስተር «ለስብሰባ ቀን አስቀምጡት፣ ሰው ቤት ለብሳችሁ እንዳትሄዱ» ያሉት ለዚህ ነው። እኛ ግን በቲሸርቱ ልንታይበት ፈልገን ስለነበር ከፋን።

ናቲ ደግሞ ደጋግሞ ካንኳኳ በኋላ አስገቡትና እንዲህ አሉን፦ «ልጅ ያለበት ቤት ነው የምትሄዱት። ተኝቶ ይሆናል። እናቱ ስታባብለው ቆይታ ገና አሁን አስተኝታው ይሆናል። በጣታችሁ አንኳኩና ወደ ኋላ ራቅ በሉ። የምትከፍተው ሰው መጀመሪያ ፊታችሁን ትይ።»

የዚያን ቀን ሥልጠና ይኸው ነበር። በሚቀጥለው ቀን መቀመጥ ተማርን። መቀመጥ ስል ቀልዴን አይደለም፤ ሰው ቤት ገብቶ በርጩማ ላይ፣ ደፍ ላይ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ መቀመጥ። ቆመን ማውራት ከለከሉን። «የቆመ ሰው ሊሄድ ነው። ሊሄድ ላለ ሰው ደግሞ ማን የልቡን ይነግረዋል?» ይሉ ነበር። «ማድረግ አለብሽ» የሚለውን አነጋገርም ከለከሉን። ማምሻውን ስንገናኝ አንዳችን «ዛሬ አራት እናቶች አስተማርኩ» ካልን፣ ቅር ይላቸዋል። «ተጫወትኩ በይ» ይሉኛል።

ናቲ አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና «ሲስተር፣ ማለቴ፣ ይቅርታና ወደ ዋናው ነገር መቼ ነው የምንገባው?» አላቸው።

«ገብተናል» አሉት።

ስለ በሽታ ያስተማሩን በኋላ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ እንዳጠረው በምን እንደሚታወቅ፣ ክትባት በየትኛው ዕድሜ እንደሚሰጥ፣ ጡት የምታጠባ እናት ምን መብላት እንዳለባት። ከሁሉም በላይ ግን ያስጨነቁን የትንፋሽ ነገር ነው። ሕፃን ልጅ ሳንባ ምች ሲይዘው ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሲብስበት ደግሞ አየር ሲስብ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይህ በልብስ ላይ አይታይም። «ልብሱን ካልገለጣችሁ ምንም አላያችሁም» ይሉን ነበር። ቤታችን ሄደን የተኙ ታናናሾቻችንን ደረት እንድናይ፣ ትንፋሻቸውን በስልካችን ሰዓት ይዘን እንድንቆጥር አዘዙን። እኔ የታናሽ ወንድሜን ደረት ስቆጥር እናቴ አይታኝ «ምን ሆነብኝ?» ብላ ደነገጠች። ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ነው ስላት ባታምነኝም አጠገቤ ተቀምጣ አብራኝ አየች።

እሳቸው ራሳቸው ሕፃን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቁ ነበር። እጃቸውን አጣምረው የተቀመጡ ነው የሚመስለው። እስኪሞቅላቸው ድረስ ከእናትየው ጋር ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ። መጀመሪያ ላይ ጊዜ የሚያባክኑ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ መሠረት ልምጣ።

መሠረት ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ቀጭኗ መንገድ ውስጥ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይታ የምትኖር ሴት ነች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እሷ ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ ደጅ ላይ ትሸጣለች። ሜላት የምትባል ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረቻት። በዚያ ሰሞን ቄራ በኩል ኩፍኝ ገብቷል ስለተባለ፣ ያልተከተቡ ልጆች ያሉበትን ቤት እየዞርን እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዷቸው እንድንነግር ተላክን። መሠረት ቤት የሄድነው እኔና ናቲ ነን።

በሩን በሥርዓቱ አንኳኳን፣ ተቀመጥን። ክትባት የሚለው ቃል ከአፋችን እንደወጣ ግን ፊቷ ተለወጠ። ልጄን አላስከትብም አለች። ናቲ ስለ ኩፍኝ የሚያውቀውን ሁሉ ነገራት፤ የነገራት ሁሉ ትክክል ነበር። ባልሰማ ስታልፈው ጊዜ ድምፁ እየጨመረ መጣ። በመጨረሻም «ነገ ልጅሽ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አላት።

መሠረት አልጮኸችም። «አንዱን ወስዳችሁብኛል» አለች። ተነሥታ እስክንወጣ ጠበቀችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ውስጥ ሬድዮ ሲከፈት ሰማን።

ለሲስተር ስንነግራቸው ናቲ እልህ ይዞት ነበር። በቃ አንዳንድ ሰው አይገባውም፣ ሌላ ቤት እንሂድ አለ። ሲስተር አልተቆጡትም። የተባባልነውን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንድንነግራቸው ጠየቁን። «አንዱን ወስዳችሁብኛል» ያለችው ላይ ስንደርስ አስቆሙን።

«ማንን እንደሆነ ጠየቃችኋት?»

አልጠየቅናትም።

በማግስቱ ሲስተር ለምለም ሁለታችንንም ይዘው ወደ መሠረት ቤት ሄዱ። መሠረት ደጅ ላይ ተቀምጣ ለማታው ድንች እየላጠች ነበር። እኛን ስታይ መላጧን አቆመች። ሲስተር ሰላም ብለዋት ከጎኗ ተቀመጡ፣ ትርፍ ቢላዋ ጠየቁና መላጥ ጀመሩ። ስለ ክትባት አንድም ቃል አልተናገሩም። ድንቹ ሲያልቅ ተነሥተን ሄድን። በሌላ ቀንም እንዲሁ። ልጣጩን መጣያ ድረስ መውሰድ የናቲ ሥራ ሆነ። በነዚያ ቀናት ሲስተር ሜላትን ያቅፋሉ፣ እጃቸውን አሙቀው ሆዷን ይነካሉ፣ ሸሚዟን ገልጠው ደረቷን ያያሉ። «ይኸውልሽ፣ ደህና ስትሆን እንዲህ ነው የምትተነፍሰው። ይህንን ልመጂው» ይሏታል መሠረትን። እሷም ትመለከታለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ድንች እየላጡ ሳለ፣ ቀና ሳይሉ «የሞተብሽ ልጅ ስሙ ማን ነበር?» አሏት።

መሠረት የያዘችውን ድንች ልጣ ጨረሰች። ከዚያ «ኪሩቤል» አለች።

ነገረቻቸው። ኪሩቤል የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ተከትቦ በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ አተኮሰው፣ ሳል ጀመረው። አንድ ክሊኒክ ወሰደችው። ሰው በዝቶ ነበር። ያየችው ባለሙያ ምን እንደሆነ ጠይቃት፣ ጉንፋን ነው ብላ ሽሮፕ ጽፋ ሰጠቻት። በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ይዛው ገብታ፣ እንደተጠቀለለ ይዛው ወጣች። በማግስቱ ሞተ። የባሏ ዘመዶች መርፌው ነው ያመጣው አሏት። ከዚያ ወዲህ የጤና ሰው የሆነ ሁሉ ስለ ክትባት ጥቅም ነግሯት ሄዷል፤ ስሙን የጠየቃት ግን አልነበረም።

ሲስተር ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ክትባቱ ነው አልልሽም፣ አይመስለኝም» አሏት። «እዚያ አልነበርኩም፣ ምን እንደገደለው አላውቅም። ግን ልብሱን ገልጠው ማየት ነበረባቸው። አላዩልሽም። ይቅርታ አድርጊልን።»

መሠረት ተመለከተቻቸው። «እርስዎ ቢሆኑ ያዩት ነበር?»

«እንጃ» አሉ ሲስተር። «እኔም ሳላይ ያሳለፍኳቸው ይኖራሉ። ሰልፉ በዝቶብኝ፣ ደክሞኝ።»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ናቲ ልጣጩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። መሠረት ድንች መላጧን ቀጠለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። ሲስተርም ቢላዋቸውን አንሥተው ቀጠሉ። ያን ቀን ስለ ክትባት ይነሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተነሣም።

ይህ ነገር ለሲስተር መዘዝ ይዞ መጣ። ናቲ በያዘው ስሜት በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ታሪኩን ለሁሉም ተናገረ። ሥልጠናውን የሚደግፈው ድርጅት አስተባባሪ አቶ ዳዊት የሚባል ወጣት ሰው ነበር፤ ሠራተኛ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ለእኛም የሚያስብ። ይህንን ሲሰማ ደነገጠ። ሲስተርን ወደ ጎን ወስዶ ሲያነጋግራቸው በከረምቦላው ክፍል በር በኩል ይሰማን ነበር። የጤና ባለሙያ በባለሙያ ላይ እንዲህ ማለት የለበትም አለ። ወጣቶቹ ነገ መንገድ ላይ «ሲስተር እንኳን ሐኪሞች ገድለዋል ብለዋል» ይላሉ፤ ሰው ከእነጭራሹ ክትባት ይተዋል፤ በኩፍኝ ጊዜ ይሄ አደጋ ነው አለ። በሠልጣኞች ፊት ቀርበው የተናገሩት ስሕተት መሆኑን እንዲያምኑ ጠየቃቸው።

ሲስተር መጀመሪያ በትግርኛ ጥቂት ነገር አጉረመረሙ። ከዚያ ተረጋግተው ወደ እኛ መጡና ቆሙ። ቆመው ሲያነጋግሩን ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አቶ ዳዊት የፈራው ነገር ሊደርስ ይችላል» አሉን። «መሠረት የነገረችን የመሠረት ነው፣ የኛ አይደለም። ሌላ ቦታ አታውሩት። ናቲ፣ ይሄ አንተንም ይመለከታል። ክትባት ልጅ ያድናል፤ ይህንንም ደግሜ እነግራችኋለሁ። ያልኳትን ግን ስሕተት ነው አልልም፤ ምክንያቱም አይደለም።»

በሚቀጥለው ዙር ሥልጠናውን ሌላ ሰው ያዘው። ፕሮጀክተር ነበረው፣ ጥሩ ጥሩ ሥዕሎች ያሳየን ነበር፣ መጥፎ ሰው አልነበረም። አብዛኞቻችን የምስክር ወረቀቱ ስላለ ቀጠልን። ሲስተር ለምለም ግን የትም አልሄዱም። ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ያለች ጭማቂ ቤት ይቀመጣሉ፣ የፈለገ ሄዶ አጠገባቸው ይቀመጣል። ናቲ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሄደ። ሲስተር በእሱ ምክንያት መውጣታቸውን ያውቃል፤ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሲጀምር ግን «አቮካዶ ነው ማንጎ?» ብለው አቋረጡት። ያ ነገር በመካከላቸው ሁለተኛ አልተነሣም። ከረምቦላውንም ያኔ ነው የተወው።

መሠረት አሁንም ሜላትን አላስከተበችም። ሲስተር ሲጠየቁ «እያሰበች ነው» ይሉናል። እኔ ብሆን በዚህ ሁሉ መሀል ተስፋ እቆርጥ ነበር።

የዝናቡ ወራት ሲጀምር ሜላት ሳል ያዛት። አንድ ጠዋት መሠረት ደወለችልኝ። ሲስተር ስልካቸው አይሠራም፤ ወሎ ሰፈር ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነበር። «ደረቷ እየገባ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፣ በጣም ፈጥኗል» አለችኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። ልጅቷን አዝላ በር ላይ ቆማ ነበር። አብረን ጤና ጣቢያ ገባን።

ጤና ጣቢያው በዝናብ ወቅት እንደሚሆነው ጭንቅንቅ ያለ ነበር። ተራችን ሲደርስ ያገኘነው ባለሙያ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ስንት ቀኗ ነው፣ ያስላታል፣ ያስመልሳታል ብሎ ጠየቀ። መሠረት መለሰች። ሜላት በጋቢ እንደተጠቀለለች ነች። ሰውየው እስክሪብቶውን አንሥቶ መጻፍ ጀመረ።

መሠረት ከወንበሩ አልተነሣችም። ጋቢውን ፈታች፣ የልጅቷን ሹራብ ወደ ላይ ገለጠች፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«ወንድሜ፣ ገልጠህ እይልኝ» አለችው።

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሰውየው ቀና አለ። አየ። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጎንበስ አለ፣ ጆሮውን ወደ ልጅቷ አስጠግቶ ሰዓቱን እያየ ቆጠረ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ከፈተና አምቡላንስ እንዲጠራ ተጣራ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ኦክስጅን ወዳለበት ክፍል ራሱ አቅፎ ወሰዳት።

ሜላት ሆስፒታል ገባች። ሁለተኛው ቀን ከባድ ነበር፤ መሠረት ምንም አልበላችም። ሲስተር መጥተው አጠገቧ ተቀምጠው ካልጎረስሽ እኔም አልጎርስም አሏትና ሁለቱም ትንሽ ትንሽ በሉ። ከዚያ ልጅቷ እየተሻላት ሄደ። ጡት የጠባች ቀን መሠረት ደውላ ነገረችኝና ዘጋችው።

ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን ጭማቂ ቤቷ ውስጥ ሆነን የሆነውን ሁሉ ለሲስተር ተረክኩላቸው። መሠረት «ገልጠህ እይልኝ» ያለችው ላይ ስደርስ ያመሰግኗታል፣ ምናልባትም ይኮራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ሰውየው ነው።

«ስትለው ምን አለ? ተቆጣ?»

«አልተቆጣም። ዝም ብሎ አየ።»

«ጎበዝ ልጅ ነው» አሉ። ደጋግመው «ጎበዝ ልጅ ነው» አሉ። በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሄደው ፈልገው አገኙት፤ የሆነውን ነግረውት አመሰገኑት። የልጅቷን መዳን ገና አልሰማም ነበርና ደስ አለው። ናቲ አብሯቸው ሄዶ ነበር። ነርስ መሆን የፈለገው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደሆነ በኋላ ነግሮኛል።

ሜላት ሙሉ በሙሉ ሲሻላት መሠረት ማንም ሳይነግራት አስከተበቻት። እኛ የሰማነው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ድንች ልንገዛ ሄደን፣ እግረ መንገዷን እንደዋዛ ነገረችን። አቶ ዳዊትም ሲሰማ መሠረት ለሌሎች እናቶች ልምዷን እንድታካፍል ለመናት፤ አይሆንም አለችው። እሱም አልጨቀጨቃትም። ይልቅ ጭማቂ ቤቷ ድረስ መጥቶ ሲስተርን እንዲመለሱ ጠየቃቸው። በይፋ የተባባሉት ነገር የለም። ሲስተር «ቲሸርቱን ለብሰው ሰው ቤት አይሄዱም» አሉት፤ «እሺ» አላቸው። በሚቀጥለው ዙር አዳራሹ ውስጥ ተመልሰው ሰው በር ሲያስንኳኩ አየኋቸው።

ከዚያ ሰፈራችን ፈረሰ። ሲወራ የቆየው ነገር በመጨረሻ መጣና ሁሉም በፍጥነት ሆነ። እኛ ቂርቆስ ዘመድ ቤት ተጠጋን፣ የመሠረት ቤተሰብ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ፣ የወጣት ማዕከሉም፣ ጭማቂ ቤቷም አሁን የሉም። ሰፊ መንገድና የእግረኛ መንገድ፣ የተተከሉ ዛፎችም አሉ። የሲስተር ቤትም አብሮ ተነሣ፤ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም፣ ስለዚያም ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፣ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም።

ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘነው መነጽራቸውን ሊያሠሩ ወደ እኛ አካባቢ የመጡ ዕለት ነው። ምሳ ጋበዝኳቸው። ከስተው ነበር፣ ደረጃው ይከብደኛል አሉኝ፤ አራተኛ ፎቅ ናቸው። ሰፈሩን እንዴት አገኙት ስላቸው ሳቁ። «ሰው በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው። ጎረቤትሽ ማን እንደሆነ የምታውቂው በሩ ላይ በተወው ጫማ ነው» አሉኝ። ከዚያ ስለ ናቲ ጠየቁኝ። ሥራውን እንደሚወድ፣ አንዳንዴ ግን የሕመምተኛው ብዛት ተስፋ እንደሚያስቆርጠው ነገርኳቸው። «ደክሞኛል የሚለው ሰው አለው ወይ?» አሉኝ። አለው፣ ለእኔ ይነግረኛል አልኳቸው። «እንግዲያው ጥሩ ነው» ብለው ምሳቸውን መብላት ጀመሩ።

ለቅሶ የሄድኩት ከናቲ ጋር ነው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ብዙ አወራን፤ ሰው እንዳያንሳቸው ፈርተን ነበር። ዘመዶቻቸው ጥቂት ናቸው፣ የድሮው ሰፈር ሰው ተበትኗል፣ አዲሱ ሰፈር ደግሞ ጎረቤት ለጎረቤት አይተዋወቅም ብለውኝ ነበር።

ድንኳኑ በሁለት ፎቆች መካከል ተተክሎ ነበር። ሞልቷል። የድሮ የካዛንቺስ ሰዎች ቢኖሩም ይበልጡን የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ሕፃን ያቀፉ እናቶች ብዙ ነበሩ። ውሃ የሚያዞሩት፣ ወንበር የሚያቀብሉት፣ አዛውንት ሲመጡ ክንዳቸውን ይዘው የሚያስገቡት በአሥራዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ። የዕድሩ ልጆች መስለውኝ አንዷን የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቅኳት።

«ከዚያኛው ፎቅ ነኝ» አለችኝ። «ሲስተር ነበሩ የሚያሠለጥኑን። በቃ፣ እንዲሁ ደረጃው ሥር እየተሰበሰብን።»

ስንት እንደሆኑ ስጠይቃት ወደ ልጆቹ ዞር ብላ አየች እንጂ አልቆጠረችም። ማን እንደላካቸው ጠየቅኳት። ማንም አልላካቸውም። ሲስተር እዚህ ከመጡ ገና ዓመት ሳይሞላቸው፣ በየፎቁ እየዞሩ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ልጆችን ሰብስበው ነበር። ቲሸርትም፣ ድርጅትም፣ የምስክር ወረቀትም የለም።

«ሥልጠናውን ጨረሳችሁ?» አልኳት።

«የት!» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ግማሽ ላይ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የምንገናኘው። ቤቶቹን ጀምረናል፣ እናቶቹ ይጠብቁናል። የቀረውን ማን እንደሚነግረን አናውቅም።»

ናቲ ከጎኔ ሆኖ እየሰማ ነበር። «ቅዳሜ በስንት ሰዓት?» አላት።

«በሦስት ሰዓት።»

«ቅዳሜ ተረኛ ነኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ተራውን የሚቀይርለት ሰው ፍለጋ ከድንኳኑ ወጣ።